ታየች ትንሽ አሟታል

በልጅነቴ ጆሮዬን እየቆነጠጥሽ ላሳደግሽኝ፣ ለምወድሽና ለምፈራሽ እህቴ ለትሕትና፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ሳቢ፣ ባለቤትሽን ጃርሶን ከጎንሽ አስቀምጪ፣ ውሃም ይቅረብ። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ታየች በድንገት ታማ፣ ሕመሙም ጠንቶባት፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አርፋለች። ድንኳን ተተክሏል፣ ተለቅሷል፣ ንፍሮም ተበልቷል።

አይዞሽ፣ አታልቅሺ! አክስታችን እትዬ ታየች አልሞቱም። እንዲያውም ይኸው ከጓዳ ሆነው "ጎመን ቀንጥስ ብዬህ ተቀምጠህ ትሞነጫጭራለህ?" እያሉኝ ነው። የሞተችው ሌላ ታየች ናት፤ እሷም ብትሆን ተነስታለች። አክስታችንን "እሳቸው"፣ ያቺኛዋን "እሷ" እያልኩ ስለምሄድ አይምታታብሽ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አሮጊት ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? የያቤሎ ፀሐይ ለቀቅ አደረገሽ? ከተማሪዎችሽ መሃል እኔን የሚመስል አለ ወይስ ፈጣሪ ራራልሽ? እኔን ከአንቺ ናፍቆትና ከእትዬ ታየች ምላስ በቀር ምንም አልከበደኝም። "ስልክ ላይ የምትለውን ግማሹን አላምንም፣ ጽፈህ ላክ" ስላልሽ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። በቀይ አርመሽ እንዳትመልሺልኝ ብቻ።

ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ቢሮ ለሦስት ወር ሙከራ እንደተቀበለኝ ታውቂያለሽ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክ ነው የምንሸጠው። ትኬቱን የሚቆርጡት ኮምፒውተሮች ግን ቢሮው ውስጥ የሉም፤ ባሕር ማዶ የተቀመጡ የኪራይ ኮምፒውተሮች ናቸው። ክላውድ ይሏቸዋል፣ ደመና እንደማለት። ሄደሽ ግንባራቸውን ዳብሰሽ "አተኮሰሽ እንዴ?" አትያቸው ነገር! ስለዚህ ቀን ከሌት የሚጠብቃቸው አላርም አለ። አንዷ ሆዷ፣ ማለትም የመዝገብ ማስቀመጫዋ፣ ሲሞላ ወይም ትንፋሽ ሲያጥራት ለተረኛው ሰው ስልክ መልእክት ይልካል። ድሮ አለቃዬ ሕያብ አላርሞቹን አንድ በአንድ በእጇ ነበር የምትሞላቸው። አንዱ መጥቶ ይነካካል፣ ሌላው ያጠፋል፣ ሲጠየቁ ሁሉም መላእክት ናቸው። አሁን ግን ሁሉም በኮድ ሆነ። አንድ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ሰው አይቶ "ይሁን" ካላለ አይገባም፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጋርም የጻፈው ሰው ስም አብሮ ይቀመጣል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል እንደማትመች አስቢው።

ሕያብ ፋይሉን ለእኔ ሰጠችኝና "አሳምረህ ከሠራህ ዓርብ ቋሚ ትሆናለህ፣ ካበላሸህ ዓርብ እንሰነባበታለን" አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጬ፣ የስድስት ወር ኮርስ ወስጄ፣ ሦስት ቦታ ተባርሬ ያገኘሁት ሥራ ነው ትሕትናዬ! ስለዚህ ተጠንቅቄ ጻፍኩ። መቼም የእኔን ጥንቃቄ ታውቂዋለሽ። ኮምፒውተሮቹ ከቁጥር በቀር ስም ስላልነበራቸው አስፈቅጄ ስም አወጣሁላቸው። ዋናዋን ታየች አልኳት፤ ሁሉን ትሸከማለች፣ ስታኮርፍ ግን ቤቱ በሙሉ ይቆማል። መልእክቱን ደግሞ በመርዶ ወግ አደረግሁት። እኛ አገር ሞት በአንድ ጊዜ ይነገራል እንዴ? ሆዷ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ "ታየች ትንሽ አሟታል"፣ ዘጠና ሲሆን "ታየች ጠንቶባታል"፣ ቀጥ ስትል "ታየች አረፈች"። አይቶ እንዲያጸድቅልኝ ለሥራ ባልደረባዬ ለኑሪ ላክሁለት። ኑሪ እንባው እስኪፈስ ሳቀና "ይሁን" አለ። እንባ በሞላው ዓይን ደግሞ ስልክ ቁጥር አይነበብም።

ነገሩ ያለው ስልክ ቁጥሩ ላይ ነበር። ቢሮው አዲስ ቁጥር ስለሰጠኝ አሮጌውን ሲም ካርዴን ለጎረቤታችን ለእትዬ እንዳለች ሰጥቻቸዋለሁ። ጣቴ ግን ይህን አልሰማም። የተረኛው፣ ማለትም የእኔ፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ ላይ በልማዱ አሮጌውን ቁጥር ጽፎ ቁጭ።

ማክሰኞ የቁልቢ ተጓዥ ሁሉ ትኬት ሲሻማ የታየች ሆድ ሞላ። እትዬ እንዳለች ሽሮ እያማሰሉ ሳለ ከማያውቁት ቁጥር "ታየች ትንሽ አሟታል" የሚል መልእክት ደረሳቸው። አክስታችን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጎመን ሊገዙ ወጥተዋል፣ ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። እትዬ እንዳለች ቢደውሉ አይጠራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ቢያንኳኩ የሚከፍት የለ። "ጠንቶባታል" ሲመጣ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። "አረፈች" ሲመጣ ጩኸታቸው ልደታ ኮንዶሚኒየምን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ቧንቧ ሲሰበርበት ሳምንት ሙሉ የሚመካከር ብሎክ፣ ድንኳን በሃያ ደቂቃ ተከለ!

አሁን ነው ጉዱ። እትዬ ታየች ጎመናቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ ግቢው ውስጥ ድንኳን አዩ። ማን ሞተ ብሎ በር ላይ መጠየቅ ነውር አይደል? መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ጎመኑን ደጅ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ "ወየው! ወየው!" እያሉ ገቡ። የነበሩት ሁሉ እንደመሰከሩት በዚያ ድንኳን ከሁሉም አምርረው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሲደክማቸው ፊታቸውን ከሸፈኑት ከእትዬ እንዳለች ጎን ተቀምጠው በሹክሹክታ "ማን ናት የሞተችብን?" አሉ።

እትዬ እንዳለች ቀና ሳይሉ "ታየች ናታ!" አሉ።

"የትኛዋ ታየች?"

"የሦስተኛ ፎቋ! ያቺ ነገረኛ፣ ግን ደግ!"

እትዬ ታየች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው "ነገረኛዋ ማን ናት?" ያሉ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። እትዬ እንዳለች በሸራው ሥር ሾልከው ነው የወጡት አሉ፤ በዚያ ሰውነታቸው!

እኔ ድንኳኑ ሲተከል ቢሮ የራሴን ሐዘን ተቀምጫለሁ። ትኬት ቆሟል፣ ደንበኛ ይደውላል፣ የእኛ ስልክ ላይ ግን አንድም መልእክት አልመጣም። ሕያብ "አላርሙ ለምን አልጮኸም?" ስትል በኑሪ ላላክክ አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ ፋይሉን ስትከፍተው ከመስመሩ ጎን "ማኑ" የሚል ተጽፏል። ቁጥሩን አረምኩ፣ ኑሪ በዚህኛው ጊዜ እንደ ቆሎ ተማሪ አኃዝ በአኃዝ ጮክ ብሎ አነበበው፣ በአራት ደቂቃ ገባ። የታየችንም ሆድ አቃለልንላት። ሕያብ አልተቆጣችም። "ዓርብ እንነጋገራለን" ብቻ አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማታ የሆነብኝን አልጽፍልሽም፤ የአክስታችን ነጠላ ጫማ ምልክቱ እስካሁን ጀርባዬ ላይ አለ። ዓርብ ጠዋት ግን እትዬ ታየች የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው "ቢሮህ ውሰደኝ" አሉኝ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሕያብ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው።

"ስሜን የወሰደችው የታለች?" አሏት።

ሕያብ ስክሪኑን ስታሳያቸው አረንጓዴ መስመር ነው፣ ታየች ጤነኛ ናት። አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው መልእክቶቹን አንድ በአንድ አስነበቧትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሟታል ብሎ ዝም ይባላል? ሰው ታመመ ሲባል ምኗን ነው፣ ምን ይቅረብላት፣ ማን ይሂድላት ይባላል እንጂ! እንዳለች እኮ የምታደርገው ብታጣ ነው ድንኳን የተከለችው!"

ሕያብ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ "ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቢሮ የምናገረውን እማማ በአንድ ቀን ነገሩልኝ" አለችና እዚያው ተቀምጠን እንድንጽፈው አደረገች። አሁን መልእክቱ "ታየች ሆዷ ሞልቷል፤ አሮጌ መዝገብ አጥፉላት፤ ተረኛው ኑሪ ነው" ይላል። ስሙ እንዲቀር እትዬ ታየች ፈቅደዋል፤ "አረፈች" ግን በ"ቆመች" ተተክቷል።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ላቤ ይንጠባጠባል። ሕያብ የቅጥር ወረቀቴን አውጥታ "እኔ የጻፍኩትን አላርም ማንም ከፍቶ አንብቦት አያውቅም። ያንተን ግን አንዲት እናት አንብበው አርባ ሰው አንቀሳቀሱበት" ብላ ፈረመች። ቋሚ ነኝ ትሕትና! ቋሚ! ኑሪ አቀፈኝ፣ እትዬ ታየች እልል አሉ፣ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ሰርግ መስሏቸው በር ከፍተው አዩን።

በይ እንግዲህ፣ ጃርሶን ትከሻውን መትተሽ ሰላም በይልኝ፤ አማትሽን እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ፤ ጥርስ የምታበቅለዋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ብትነክስሽ እኔን ነው ማለት ነው። እትዬ ታየች "በሕይወት አለሁ በላት" ብለዋል፣ እትዬ እንዳለችም ሰላም ይላሉ፤ ሁለቱ ታርቀዋል፣ "ነገረኛ" የምትለዋ ቃል ብቻ በድርድር ላይ ናት። ወንበር ያስሳብኩሽ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለአንዲት መስመር ስህተትና ለአሥራ ስምንት ደቂቃ መቋረጥ ነው። ቁልቢ ያሰበ ሁሉ ትኬቱን አግኝቷል። ያን ያህልም ነገር አልነበረም።

ወንድምሽ ማኑ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.