በቀለም ማስታወቂያና በጠፋ ቁልፍ መካከል ስለተሰናበተው አማቼ

ለተከበሩ የእግር ኳስ ክለባችን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ክለብዎ ተከላካዮች የከበደ ይሁንልዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሰው አቤቱታ ስቀበል ኖሬ የራሴን ግን አንድም ቀን ጽፌ ስለማላውቅ፣ ቃሌ ከመስመር ቢወጣ የክንፍ ተጫዋችዎ ኳስ ነው ብለው ይለፉኝ።

ደጋፊው «ግንቡ» እያለ የሚጠራው፣ መጀመሪያ ተከላካይዎ ኋላም አሠልጣኝዎ የነበረው ሰው የልጄ ባል ነው። ልጄ ላግባው ስትለኝ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኳስ ይመልሳል» አለችኝ። «ከማን ተበድሮ?» አልኳት። በዚህች መልሴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እውነቱን ለመናገር ወድጄ አልተቀበልኩትም፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ቢሮ ያለው አማች ነበር የምመኘው። እሱ ግን በእርስዎ ማሊያ አፍንጫውን ደጋግሞ ሰበረ፤ አፍንጫው የሚሰበር ቦታ ሲያልቅበት ደግሞ ጉልበቱን ሰጠ። መሮጥ ሲያቅተው ታዳጊዎቹን አሠለጠነ፣ ቀጥሎ ዋናውን ቡድን ተረከበ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ላይኛው ሊግ አወጣልዎ። በዚያ ቀን እርስዎ በተጫዋቾች ትከሻ ላይ ሆነው ዋንጫውን ሲያነሱ አይቻለሁ፤ ያምርብዎት ነበር። አማቼን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፤ በመጨረሻ የኳሶቹን ከረጢት ተሸክሞ ወደ ዕቃ ቤት ሲሄድ አገኘሁት።

ይህን ያህል ስለማንነታችን ካልኩ፣ አሁን በምስጋና ወደታጀበው አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስንብቱ አደራረግ። የእህትዎ ልጅ በአጥቂነት እንዲሰለፍ መፈለግዎን እረዳለሁ፤ ዘመድ ያልጠቀመ ማንን ይጠቅማል? ወጣቱም እጅግ ጨዋ ነው፤ ኳስ ስትመጣ እንደ ትልቅ ሰው መንገድ ይለቅላታል። አማቼ ግን ጨዋነቱን ባለማየት ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እኔና ልጄ ከክብር ትሪቡኑ በታች ተቀምጠን ስለነበር የፊትዎን መጥቆር በደንብ አየነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ለባዶ እየመራን አለቀና የሜዳው ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። መጀመሪያ ዝናብ የማያስለቅቀው የቀለም ዓይነት ተዋወቀ። ቀጥሎ ዋና አሠልጣኙ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ከክለቡ ጋር በስምምነት መለያየታቸው ተነገረ። ቀጥሎም ቀይ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ የጠፋበት ሰው ወደ ዋናው በር እንዲመጣ ተጠራ። አማቼ ከመልበሻ ክፍል ብቅ ብሎ፣ የተስማማው ከማን ጋር እንደሆነ የድምፅ ማጉያውን ሠራተኛ ጠየቀው። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነባት።

ሁለተኛውን አጋማሽ እርስዎ ራስዎ ወርደው ስለመሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠረው የእህትዎ ልጅ ነው፤ በየትኛው መረብ ላይ እንደሆነ ለመግለጽ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሳሎኔ። የክለቡን ቤት ወዲያው ስላስለቀቁት፣ አማቼ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ ገባ። እነሆ በእርጅናዬ ዘመን ሙሉ ጤነኛ፣ ትከሻው በበር የማያልፍ ወንድ ልጅ ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ላይ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ያይ ነበር። ከዚያ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን ብቻውን አልተነሣም፤ ሶፋውንም አነሣው። በሶፋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ለመልሶ ማጥቃት ያጋልጣል አለና ቦታ አቀያየራቸው። የአበባ ማሰሮዎቼን በኮሪደሩ በተርታ ደርድሮ ልጆቹን በመካከላቸው እያሽሎከለከ ያስሮጣቸው ጀመር። ትንሿ የልጅ ልጄ ቁርሷን በዝግታ ስለበላች በእህቷ ተቀይራ ወጣች። እኔም አልቀረልኝም፤ ሻይ ይዤ ስገባ «እማማ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ፤ ትሪውን ሳይሆን ሜዳውን ይመልከቱ» አለኝ። ተናድጄ ቀና አልኩ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

እንዲህ እየሳቅንና እየተናደድን ሳለን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ብገባ አሮጌ ታኬታውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ማንም የማይጫወትበትን ጫማ ቅባት ሲቀባ አገኘሁት። ቀና ሳይል «እማማ፣ እርስዎ ስንት ፋይል አይተዋል፤ ጥፋቴ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ እስካሁን አልሰጠሁትም። በዚያን ጊዜ ግን፣ ይህ ሰው ወንበር ሳይኖረው አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ እንደኖረ ያወቅሁት ዘግይቼ መሆኑ ገባኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ። በማግሥቱ ክንዱን ይዤ ወደ ፍርድ ቤቱ ወሰድኩት። ሠራተኞቹ በመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ የሚወዳደር ቡድን አላቸው፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳሸነፉ ተፈልጎ መዝገቡ አልተገኘም። አማቼ ከሥራ ሰዓት በኋላ በመኪና ማቆሚያው ሰበሰባቸውና እያንዳንዱን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀ። በመልሳቸው መሠረት አሰለፋቸው። የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ በረኛ አደረገው፤ እጁ የገባ ነገር ተመልሶ እንደማይወጣ ባለጉዳይ ሁሉ ያውቃል። ከፊቱ ሁለት ተከላካይ ጠበቆች አቆመ፤ አንዱ ሲጠልፍ ሌላው ይክዳል። በቀኝ ክንፍ መጥሪያ አድራሹን አሰለፈ። ይህ ሰው መጥሪያ ይዞ በየግቢው ሲዞር ውሻ ሲያባርረው ስለኖረ፣ ኳስ ከያዘ ዞሮ አያይም። አምበሉ የፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኛ ናቸው። እሳቸው ላይ ትንሽ ችግር ነበር፤ ዳኛው የሜዳውን ዳኛ ውሳኔ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበሉም። አማቼ ትከሻቸውን ይዞ «ክቡር ዳኛ፣ እዚህ ይግባኝ የለም፤ ቅጣት ምቱ ሳይመታ ወደ ኋላ ይመለሱ» እያለ በስንት ልመና አስለመዳቸው።

ማሸነፍ ጀመሩ። ባለጉዳዮች ቀጠሯቸውን ከሰዓት በኋላ እንዲደረግላቸው መጠየቅ ያዙ፤ ልምምዱን በመስኮት ለማየት ነው። አማቼም ጢሙን ሲላጭ ማንጎራጎር ጀመረ። ድምፁ ለጆሮ የሚመች አይደለም፤ ልጄ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጪ ቆማ ስታዳምጠው አይቻታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ወዳጅነት ጨዋታው። በዚህ መካከል ክለብዎ በእርስዎ የቅርብ ክትትል ወደ ወራጅ ቀጠናው ወረደ። የተጫዋቾችዎን ሞራል ለማነሣሣት ቀላል ድል ያስፈልጋል ብለው፣ ከሁሉም ደካማ የሚሉትን ቡድን ሲያፈላልጉ የፍርድ ቤታችን «ወረቀት አመላላሾች» ትዝ ስላሉዎት እጅግ አመሰግናለሁ። ማን እንደሚያሠለጥናቸው አለመጠየቅዎ የትሕትናዎ ምልክት ነው።

ቡድኖቹ ሲገቡ የእርስዎ ልጆች አማቼን ሲያዩ አሰላለፋቸውን ጥለው ሮጡና አቀፉት። አምበልዎ ፊቱን ደረቱ ላይ ደብቆ ቆየ። አማቼ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «በል፣ ዛሬ ባላጋራህ ነኝ፤ በደንብ ተጫወት» አለው። በደንብም ተጫወቱ፤ ይሁን እንጂ የተመታውን ሁሉ በረኛችን እንደ አቤቱታ ተቀብሎ አስቀረው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መጥሪያ አድራሹ ኳስ አገኘ። ተከላካይዎ «ቁም» እያለ ተከተለው፤ ይህ ቃል ለእሱ ምን ትርጉም እንዳለው ማን ይንገረው? መረቡ ሲናወጥ የሜዳው ዳኛ ከጨዋታ ውጪ ብሎ ነፋ። ክቡር አምበላችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀረቡና፣ ረዳት ዳኛው በምስክርነት እንዲሰሙ በትሕትና አመለከቱ። ረዳት ዳኛው ባንዲራ አለማንሣታቸውን፣ ፊሽካው እሳቸውንም ማስደንገጡን መሰከሩ። ጎሉ ጸደቀ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በዕድሜዬ ዘልዬ አላውቅም። በዚያን ዕለት ግን የማላውቀውን ሰው አንገት አቅፌ አየር ላይ ሳለሁ ራሴን አገኘሁት። ሰውየው ምክትልዎ መሆናቸውን የነገሩኝ ኋላ ነው። እሳቸውም አጥብቀው አቅፈውኝ ነበር።

አምስተኛው ዋናው ቅሬታዬ ነው። ጨዋታው ባለቀ ማግሥት ምክትልዎ ከክለቡ ሐኪም ጋር ቤቴ መጥተው አማቼ ወደ ሥራው እንዲመለስ መልእክትዎን አደረሱ። እኔ በበኩሌ ቃላቴን ስዬ ተቀምጬ ነበር፤ ቢያንስ ይለመን፣ ቢያንስ ደጅ ያስጠና ብዬ። እሱ ግን እርስዎ ይቅርታ ይጠይቁ አይጠይቁ ሳያነሣ፣ ሐኪሙን «የአምበላችን ቁርጭምጭሚት ዳነ ወይ?» ብቻ ብሎ ጠየቀው። አለመዳኑን ሲሰማ ተነሥቶ ቱታውን ለበሰ። በሩ ላይ አስቁሜ ስቆጣው «እማማ፣ እኔ የተባረርኩት ከፕሬዚዳንቱ ነው እንጂ ከልጆቹ አይደለም» ብሎኝ ግንባሬን ስሞ ወጣ። ልጄ በመስኮት እያየችው እንደ ልጃገረድ ትስቅ ነበር።

እንግዲህ የበደሉን መጠን ይመልከቱት። መጀመሪያ ሳልጠይቅዎ ሰጡኝ፤ ከለመድኩት በኋላ ወሰዱብኝ። ፍርድ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አሠልጣኝ የለውም፤ ክለብዎ ሌላ ቡድን እንዳያሠለጥን በውሉ ከልክሎታል። ልምምዱን ክቡር ዳኛ ራሳቸው ይዘውታል፤ እስካሁን ኳስ ሳይነካ ሁለት ጊዜ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።

ስለዚህ ከትልቅ አክብሮት ጋር የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አማቼን ደግመው እንደሚያባርሩት አልጠራጠርም፤ በዚህ በኩል እምነቴ በእርስዎ ላይ ሙሉ ነው። እባክዎ ብቻ ቸል ሳይሉ፣ ስንብቱን ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ያድርሱልን። ጨዋታው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። ክለብዎ በዚያ ሰዓት እየመራ ከሆነም አይጨነቁ፤ ለምደነዋል።

የጥበብዎን ጥልቀት መለካት የተሳናት፣ የትዕግሥትዎን ርዝመት በአንድ አጋማሽ ያየች፣ ለውለታዎ ሁሉ በምን እንደምትከፍል ስታሰላ የምትውል፣
ታማኝ አገልጋይዎ
የአሠልጣኙ አማት

ማሳሰቢያ፤ ባለፈው ሳምንት የክለቡን የአባልነት መታወቂያ አውጥቻለሁ። ጸሐፊዎ ቅጹን ሲሞሉልኝ፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት እርስዎ ብቻ መሆንዎን በወሬ መካከል ነገሩኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ነበሩ።