ጡረተኛው ሹፌር የቸገራቸው

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? በእንግድነት በመጣሁበት አገር ከዝናብ ልጠለል ብዬ አንድ የሰፈር አዳራሽ ብገባ፣ ስለ ጤናማ እርጅና የሚመክር ስብሰባ ላይ ደረስኩ። አንዲት ሐኪም የደም ግፊት ምርመራ ይቅደም አለች። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ደግሞ መጀመሪያ የእግረኛ መንገዱ ይጠገን አለ። አንዲት ሴት አጠገቧ ወደተቀመጡት አባቷ እያመለከተች፣ "ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል፤ አሁን ማረፍ ብቻ ነው ያለባቸው" አለች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ለዕረፍቱማ መቃብር መቼ ጠፋ? እኔን የቸገረኝ ጠዋት ለብሼ የምሄድበት ነው።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ከኋላ የአውቶቡስ ድርጅቱ ኃላፊ ተነስቶ፣ "እንግዲያው አዲሶቹን ሹፌሮች ያሰልጥኑልኛ!" አላቸው። አባትየው ዞረው ልጃቸውን አዩ። እሷ ኮሌታቸውን እያስተካከለች፣ "እሺ አባዬ፣ ምሳ እቋጥርልዎታለሁ" አለች።

እኛ ጋ ለሽማግሌ ከወንበራችን ብድግ እንላለን እንጂ፣ ምን ይሻሉ ብለን መች ጠየቅን? ፖስት ካርዱ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽንም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍላቸው ጠይቂልኝ፤ ተናግረው ሳይጨርሱ ግን እንዳትነሺ።