ከሥዕሉ ላይ ስለተፋቀችው የኋላ ወንበር

ለከተማችን ምክር ቤት የተከበራችሁ አባላት፣ ይልቁንም በሦስተኛው ፎቅ ለምትገኙት የዘላቂ ትራንስፖርት ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገባችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ የምትቀመጡበት ወንበር ሳይቀር ሁሉም ደህና ነው ወይ? የእኔን ጉልበት ባትጠይቁም ልንገራችሁ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በእግሬ እንድሄድ ስላደረጋችሁኝ፣ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የእናንተን ስም እያነሣ ያቃስታል።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በብስክሌት እየመጣሁ የብዙዎቻችሁን ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ጠግኛለሁ። ከመድረሴ በፊት የብስክሌቴ ቃጭል ስለሚሰማ ከተማው አባ ቃጭል ብሎኛል፤ እናንተም በዚሁ ስም ታውቁኛላችሁ። ይህንን ደብዳቤ ልጄ «አባዬ፣ በኮምፒዩተር ልጻፍልህ፤ ያንተን ጽሑፍ እኮ ካንተ በቀር የሚያነበው የለም» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ፊደሌ እንደ እኔው ጎበጥ ያለ ቢሆንም ከማንም አልተበደርኩትም። ከየት እንዳገኘሁት ወደ ታች እመጣበታለሁ፤ ከጉዳዩ ጋር ይገናኛልና አትቸኩሉ። እኔን ስታመላልሱ መቼ ቸኮላችሁ?

አቤቱታዬን ለጋዜጣ የሰጠሁትም ከእናንተ ልደብቀው ብዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ በፖስታ ልኬላችሁ መልስ ባጣ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት አየር ይበክል ይሆናል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ግን ምስጋና ይቀድማል። ከገበያው ፊት ለፊት ባቆማችሁት ትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ ከብስክሌቴ ጋር፣ ቤት የሚያህል አድርጋችሁ ስለ ሰቀላችሁኝ አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺያችሁ አንድ ቅዳሜ አስቁሞኝ «አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» ሲለኝ ጥርሴን ቆጥሬ እምቢ ብዬው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መልኬ ደህና ወጥቷል። ከሥሩ የጻፋችሁትንም አንብቤዋለሁ፤ «ብስክሌት፣ የነገ መጓጓዣ» ይላል። እኔ ሞኙ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ነገን ስነዳ ኖሬ ዛሬ የምነዳ ይመስለኝ ነበር።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ስላለቀ ወደ ቅሬታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ብስክሌት ማቆሚያው። ከሰሌዳው አጠገብ ያሠራችሁት አረንጓዴ ማቆሚያ እጅግ ያማረ ነው፤ ሪባኑ ሲቆረጥ እጄን እስኪያመኝ አጨብጭቤያለሁ። ሳልሞክረው ማጨብጨቤ የእኔ ጥፋት ነው። በማግሥቱ ብስክሌቴን ይዤ ብሄድ የፊት ጎማዋ በብረቶቹ መሃል አልገባ አለኝ። በሜትር ለካሁት፤ ቧንቧ ሲለካ ያረጀ እጅ አይሳሳትምና፣ ክፍተቱ ከጎማዬ በአንድ ጣት ይጠባል። ወፍራም ጎማ የገጠምኩላት የመንገዱን ጉድጓድ እንድትችል ነው። መንገዱን ከነጉድጓዱ የተዋችሁትም ማቆሚያውን ያጠበባችሁትም እናንተው ስለሆናችሁ፣ ሁለቱ ክፍሎቻችሁ አንድ ቀን ሻይ አብረው ቢጠጡ መልካም ትውውቅ ይሆን ነበር። የማቆሚያውን ጥበቃ «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ለየትኛው ብስክሌት ነው የተሠራው?» ብለው «አባባ፣ ለሚመጣው» አለኝ። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሁለተኛ፣ ስለ አወሳሰዳችሁ። ማቆሚያው ባይቀበለኝ ብስክሌቴን ከእናንተው ሰሌዳ ምሰሶ ጋር፣ ከገዛ ሥዕሌ ሥር አስደገፍኳት፤ በዚህ ከተማ ከዚህ የበለጠ የእኔ ነው የምለው ቦታ የለኝምና። እዚያው ሰሌዳው አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ቤቷ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ጨርቋን ሊያበላሽባት ሆኖ ጠርታኝ ስለነበር መፍቻዬን ይዤ ገባሁ። ስወጣ ምሰሶው አለ፣ ሥዕሌ አለ፣ ብስክሌቷ የለችም። ልብስ ሰፊዋ ጸጉሯን ይዛ «ወይኔ አባባ! የከተማ ውበት መኪና ጭኗት ሄደ እኮ! የሰው ነው ብዬ ብጮህባቸው፣ አሮጌ ብረት ነው እናቴ፣ ወደ ሥራሽ ግቢ አሉኝ» አለችኝ። የከተማውን ውበትና ንጹሕ አየር ለመጠበቅ የተሰማራው ያ መኪና የተፋው ጭስ እኔ ስደርስ ገና አልተበተነም ነበር። ካላመናችሁኝ የልብስ ሰፊዋን ነጭ መጋረጃ መጥታችሁ እዩት፤ ያን ዕለት ጠዋት ነጭ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አዲሱ ቢሯችሁ። ስለ ብስክሌት አቤት የሚባልበትን ቢሮ ከመሃል ከተማ አንሥታችሁ፣ አውቶቡስ ከሚያበቃበት አርባ ደቂቃ በእግር ወደሚያስኬድ ሥፍራ የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ ጉልበቱን በሳምኩት። መኪና የሌለው ሰው አቤት ማለት ስለማይችል፣ ቅሬታው ሁሉ እንደተፈታ ሆኖ ሪፖርት ይደረግላችኋል። በግቢያችሁ «ለብስክሌት ብቻ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የአንድ ኃላፊ መኪና ቆማ አይቻለሁ። አልፈርድባትም፤ እሷም የገበያው ማቆሚያ ጠቧት ይሆናል። ሊፍቱ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ ተዘግቷል ተባልኩ። እኔም የድርሻዬን ልቆጥብ ብዬ ሦስቱን ፎቅ ግድግዳ እየተደገፍኩ አራት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን በእግር ስለ መሄድ ጥቅም ለመሠልጠን በአውሮፕላን ሄደዋል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ ቁልፉን አብሬያቸው ፈለግሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሥዕሉ።

በአራተኛው ቀን ሰው ሰው የሚሸት አንድ ወጣት ሹም አስገባኝ። ወንበር ስቦልኝ «አባባ፣ ብስክሌቷ የእርስዎ መሆኗን የሚያሳይ ሰነድ ይዘዋል?» አለኝ። የሸጠልኝ ሰው ከነሱቁ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዓይኔን ባነሣ ግን ያ የገበያው ሥዕል በትንሹ ተደርጎ ከወጣቱ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ልጄ፣ እስቲ ዞር በል። ያ ሽማግሌ ማነው?» አልኩት። ዞረና ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሥዕሉን አየ። «ወይ ጉድ! እርስዎ ነዎት እንዴ!» ብሎ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ነገሬ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ኮፍያዬን እንኳ አድርጌ ነበር።

ከዚያ ፋይሉን ገለጠ፤ በፋይሉ ውስጥ በግቢያችሁ የታሰረችው ብስክሌቴ ፎቶ አለ። ፎቶውን ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያይ ቆየና አንገቱን ሰበረ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግቢ ያለችው የኋላ ወንበር አላት። የሥዕሉ የላትም። አንድ ናቸው ብዬ መፈረም አልችልም» አለኝ።

ሦስት ወር በሥሩ ሳልፍ ያላየሁትን ነገር ያን ጊዜ አየሁት። ሰው የራሱን ሥዕል ሲያይ ፊቱን ነው የሚያየው፤ እኔም ሽበቴን ሳይ ከርሜ ኋላዬን አላየሁም። ወንበሯ የለችም። ወጣቱ ዓይኔን እየሸሸ እንዳስረዳኝ፣ አዲሱ መመሪያ በብስክሌት ሁለት ሰው መጫን ስለሚከለክል፣ ለአርአያነት እንዲመች ተብሎ በኮምፒዩተር ወጥታለች። አወጣጡ ንጹሕ ነው፣ አልክድም፤ እሷ በነበረችበት ቦታ ሣር አብቅላችሁበታል።

ያቺ ወንበር የማን እንደሆነች ልንገራችሁ። የባለቤቴ ናት፤ ካረፈች ሰባት ዓመቷ። የወንበሯን እግር ከውሃ ቧንቧ አጥፌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከአሮጌ ቦርሳዋ ቆዳ ቆርጣ በቀይ ክር የሰፋችው እሷ ናት። ስታገባኝ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር፤ ማንም እንዳያውቅብኝ ደግሞ ጋዜጣ ይዤ እቀመጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሳደርሳት፣ ከኋላዬ ሆና በትከሻዬ ላይ እያየች የሱቁን ጽሑፍ ሁሉ ታነብልኛለች። መድኃኒት ቤት፣ ጫማ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም። እያነበበች ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ ጀርባዬ ላይ ትጽፈዋለች። በማግሥቱ በዚያው መንገድ ስናልፍ «እህ፣ ያ ምን ይላል?» ትለኛለች፤ ከተሳሳትኩ ትቆነጥጠኝና «አንተ ድንጋይ፣ ትናንት አይደል የነገርኩህ!» ትላለች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን። በመጨረሻ የመንገዱን ጽሑፍ ሁሉ ጨርሼ የሆስፒታሉን በር ጽሑፍ ሳነብላት፣ ወርዳ ሥራ መግባቱን ትታ ከት ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ከዚያች ወንበር ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ይህንን የምታነቡትን ደብዳቤ የጻፈላችሁ የእሷ ጣት ነው፤ እናንተ ደግሞ ትምህርት ቤቴን አሮጌ ብረት ብላችሁ ቆልፋችሁባታል።

ይህንን ሁሉ ለወጣቱ አልነገርኩትም፤ ሰው ፊት ዓይኔ እንዲረጥብ አልፈልግም። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ላኩና ከወንበሯ ሥር ይመልከት፤ ቀይ ክር አለ፣ በዚያው ክር የተሰፋች ትንሽ ኪስ አለች፣ በኪሷ ውስጥ ለቧንቧ የሚሆኑ ትንንሽ ጎማዎች አሉ፣ ትልልቆቹ በግራ ትንንሾቹ በቀኝ። ወጣቱ ግን በመመሪያው መሠረት ግቢው ገብቶ ብስክሌት ማስመርመር የሚችለው ብስክሌቷ የእሱ መሆኗ የተረጋገጠለት ሰው ብቻ ነው አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ እያፈረ ነበር የሚናገረው። እናንተ ብታፍሩ ደግሞ እንዴት ባማረባችሁ።

ስወጣ በግቢያችሁ በር ላይ የለጠፋችሁትን አነበብኩ፤ ማንበብ እችላለሁና። ሠላሳ ቀን ባለቤት ያልቀረበበት ብረት ይቀልጣል ይላል። ቀልጦም ለአዳዲስ የብስክሌት ማቆሚያዎች ይውላል። እንግዲህ ብስክሌቴን አቅልጣችሁ፣ እሷኑ የማያስገባ ማቆሚያ ልትሠሩባት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጦ ያሰበ ሰው ደመወዙ ቢያንሰው አይገርመኝም። ይህ ደብዳቤ በሚወጣበት ዕለት የቀረው ስምንት ቀን ነው።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፣ ስለ አውቶቡሱ። አራተኛውን ከጻፍኩ ወዲያ ግን አቅም አጣሁ፤ አውቶቡሱም መቼም አይመጣ፣ ተረሳሁ ብሎ አይቀየመኝም።

ልጄ «አባዬ፣ በቃ ተወው፤ አዲስ እገዛልሃለሁ፤ ማርሽ ያለው፣ ቀላል» ትለኛለች። ፍቅሯ ነው። አዲሷ ግን ምን ታነብልኛለች?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ ልመና እንዳይመስላችሁ፣ ለምኜ አላውቅም። ብስክሌቴን ስጡኝ። አይሆንም፣ ሰነዱና ሥዕሉ አልተገናኘም ካላችሁም፣ ብስክሌቷን አቅልጡና ወንበሯን ብቻ ስጡኝ። የታሰረችው በሁለት ብሎን ነው፤ መፍቻ እኔው ይዤ እመጣለሁ፣ ሠራተኛ አታድክሙ። በእናንተው ሥዕል መሠረት እኮ ይህች ወንበር የለችም። የሌለ ነገር ለመስጠት ሰነድ አያስፈልግም፣ ማህተም አያስፈልግም፣ ኃላፊው ከበረሩበት እስኪመለሱ መጠበቅም አያስፈልግም። ብትሰጡኝ ከመዝገባችሁ የሚጎድል ነገር የለም፤ ብትከለክሉኝ ግን ወንበሯ እንዳለች ማመናችሁ ነውና፣ ያን ጊዜ ብስክሌቷ የማን እንደሆነች ሰሌዳው ይመሰክርላችኋል።

ጉልበቴ በሚፈቅድልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለስብሰባችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪኖቻችሁ ጥላ፣ ለመሳቢያችሁ ቁልፍ እየተመኘሁ፣ በየቀኑ ከበላያችሁ ተሰቅዬ የማያችሁ፣ ከወገቤ በስተኋላ የጎደልኩት የነገ መጓጓዣችሁ ነጂ፣

አባ ቃጭል
የቧንቧ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ በሦስተኛው ፎቅ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ይንጠባጠባል። አራት ቀን በራችሁ ላይ ስጠብቅ ሌላ የሚያናግረኝ ስላልነበረ እሱን ሳዳምጥ ነው የዋልኩት። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃለች፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ ልኳንም በድምፁ አውቄዋለሁ። ለእሱ የምትሆነውን ጎማ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ፣ ከሌለችው ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ናት።