የነጩ ድንጋይ ቅንጣቶች

መካነ ሰላም፣ ጥር መጨረሻ

ለውዱ ባለቤቴ፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? መኪና ላይ ስትውል የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትህም ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ጂዳ በአንድ ክፍል ስድስት ሆናችሁ ነው የምታድሩት፤ የምልክልህን ድምፅ ስድስታችሁም ትሰሙታላችሁ። ይህን ግን ብቻህን እንድታነበው ፈለግሁ። መሐሙድ እረፍቱን ጨርሶ ወደ ጂዳ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ ልኬዋለሁ።

ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ውስጥ፣ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል የተነጠፈውን ነጭ ድንጋይ ነግሬህ ነበር። ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌም በእሱ ላይ ነው። በውስጡ ዚርኮን የሚባሉ፣ ከአሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቷ ስትፈጠር ጥቂት ዩራኒየም ትይዛለች፤ ያም በታወቀ ፍጥነት ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል። የቀረውንና የተለወጠውን ለክቶ አመዱ የወደቀበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል።

ድንጋዩን ወርጄ እንዳመጣ ጥቅምት ላይ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አልወርድም አልሁ። አስተማሪዬ ዶክተር በእውቀቱ ምክንያቱን አልጠየቁኝም። አብሮኝ የሚማረው ዋለ፣ "ቦታውን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ እወርድልሻለሁ" አለኝና በቅሎ ይዞ ሄዶ አንድ ጆንያ አመጣ። ጆንያው ሲፈታ ግን ከገደሉ ግርጌ የለቀመው ሆኖ አገኘሁት። ወድቆ የተገኘ ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ አይታወቅም፤ የሌላ ዘመን ቅንጣት ይቀላቀልበታል። ስነግረው አፈረ። እኔም አዘንሁለት፤ ገደሉ ያስፈራል።

እራት ላይ ለእናትህ፣ "ነገ ራሴ እወርዳለሁ" አልኋቸው። ጠዋት ስነሳ ለባብሰው በር ላይ ቆመዋል። መዶሻውን ከእጄ ወስደው አብሮኝ ሊወርድ ለመጣው ለዋለ ሰጡት። አፋፉ ላይ ስንደርስም ሻርፓቸውን ጥላ ሥር አንጥፈው፣ "አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ጠቁሚ፤ እኔ እጮሃለሁ" አሉኝ።

እዚያ ኔትወርክ የለም። እኔ በአቅራቢ መነጽር እያየሁ "ወደ ግራ" ስል፣ እሳቸው "ዋለ፣ ወደ ግራህ ነው የምትልህ" ይላሉ፤ ገደሉ ተቀብሎ ይደግመዋል። ጥቁሩን መምታት ሲጀምር ደግሞ እኔ ሳልናገር፣ "እሱን ተወው ልጄ፣ ነጩን" አሉት። አንድ ጊዜ እግሩ ሲንሸራተት አይቼ ብድግ አልሁ። ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ዋለ ቁጥቋጦ ጨብጦ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ መዶሻው ሲመታ ተሰማን። እናትህ ለእሱ ዱዓ አደረጉ፤ ለእኔም አደረጉ፤ ከዚያ ስሙን ለማይጠሩት ሰው ቀጠሉ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

አምና ከወረኢሉ ስመለስ መንገድ ላይ የደረሰብንን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ያን ቀንም አላነሱም። ብቻ በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር እጄን ይይዙኝ ነበር።

ድንጋዩን ፈጭተን፣ አጥበን፣ በማግኔት ለየነው። ኅዳርን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ቅንጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ስለቅም ከረምሁ። እንደ ብርጭቆ የጠሩ ናቸው። አንዷን ሳነሳ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ከተነፈስሁ ትጠፋብኛለች። ውጭ አገር ተልከው ተለኩ፤ ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ለእናትህ ስነግራቸው፣ "ሱብሃነላህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ውስጥ ተቀምጣ?" ብለው አፋቸውን ያዙ።

ዶክተር በእውቀቱ በጣም ደስ አላቸው። ሚያዝያ ላይ በመቅደላ በኩል ላለው ገደል አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ዘንድሮ አልችልም፣ ከርሞም እንጃ አልኋቸው። አየት አደረጉኝና፣ "ድንጋዩ የትም አይሄድም" አሉ። በማግስቱ ቤተ ሙከራ ስገባ በርጩማዬ ተነስቶ መደገፊያ ያለው ወንበር ጠበቀኝ።

ሳልነግርህ በመቆየቴ አትቀየመኝ። አምና ቶሎ ነገርሁህ፤ ደስ ብሎህ ለጓደኞችህ ሁሉ አወራህ፤ ኋላ በሰው አገር መኪናህ ውስጥ ብቻህን ስታለቅስ እንዳገኘህ መሐሙድ አጫውቶኛል። ስለዚህ ዘንድሮ አምና ያጣንበት ወር እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አሁን አልፏል። ሐኪሟም መልካም ነው ብላኛለች።

መስከረም ላይ ከቤት ስትነሳ፣ የዘንድሮ እረፍቴን ለጳጉሜን ጠይቄያለሁ ብለኸኝ ነበር። ወደ ሰኔ እንዲያመጡልህ አሠሪህን ለምንልኝ። ከሰኔ አጋማሽ እንዳያልፍ።

እናትህ ከሰሞኑ ጥጥ ይዘው መፍተል ጀምረዋል። የማን ጋቢ ነው ስላቸው፣ "የልጄ" ይሉኛል። የለኩትን ግን አይቼዋለሁ፤ ያንተን አንድ ትከሻ እንኳ አይሸፍንም።

አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፤ ድካምህን በበረካ ይካስህ፤ በሰላም በራችን ላይ ያቁምህ። አሚን።

ብቻዋን ያልሆነችው
ባለቤትህ