እማዬ ተኝታ ከሆነ

ይድረስ ከእናት ቀጥሎ ላሳደግሽኝ፣ ለምሳሳልሽ እታለም፤

እንዴት ነሽ? እንደምን ከረማችሁ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትይ ይቆርጥሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ወንድማችን ጋሼ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር "ጽዳት ነው" ብዬ አልፈዋለሁ። ጽዳቱስ ጽዳት ነው፣ ግን የጉድ ቤት ነው። ጭንቀት የበዛባቸው ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ይመጡና፣ ጨው በበዛበት ለብ ያለ ውሃ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው አንድ ሰዓት ይንሳፈፋሉ። ከጨዉ ብዛት ማንም አይሰምጥም። መብራት ይጠፋል፣ ድምፅ የሚባል የለም። ሰው ዝም ለማለት ቀጠሮ ሲይዝ አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኔ ሥራ ገንዳውን መፈተግ፣ ጨው መጨመርና "ፊታችሁን እንዳትነኩ፣ ዓይን ያቃጥላል" ብሎ ማስጠንቀቅ ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ አጣሁ፣ ባልዲ ይዤ የምሄድበት ይጠፋኛል። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ደንበኛ ሳይመጣ ሲቀር "ዛሬ አንቺ ግቢ፣ ትንሽ ይቅለልሽ" አለችኝ። ገባሁ። አንገቴ ላላ፣ ትከሻዬ ላላ፤ እውነቴን ነው፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የሚሸከመኝ ነገር ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ግን ባልዲውም ስልኩም ከአጠገቤ ሲጠፉ፣ ስሸሸው የከረምኩት ነገር መጣብኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ጨው ነው።

እታለም፣ የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ አራት ወር ሆነኝ። ስደውል "ተኝታለች" ትይኛለሽ፣ እኔም "በቃ አትቀስቅሷት" እላለሁ። እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው በቀን የምትተኛው? ስልኩ ሁለቴ ሳይጮህ ከእጅሽ የምትነጥቅ ሴት! በምስል ስንገናኝ ጥቁር ሻሽ አስረሽ ነበር፤ "ብርድ ነው" አልሽኝ። ከኋላሽ አልጋዋ ላይ ልብስ ተከምሯል። ሰው ጫፉ ላይ ሲቀመጥ እንኳ የምትቆጣበት አልጋ!

የአጎታችን ልጅ በሰው አገር ሳለ፣ የአባቱን ሞት አንድ ዓመት የደበቅነው ትዝ አለኝ። ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል ብለን። "ተኝተዋል በሉት" ብዬ ዘዴውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም? አንቺ "ይቺ ልጅ ውሸት ታውቅበታለች" ብለሽ ስቀሽ ነበር። የገዛ ውሸቴ ተመልሶ መጣልኝ፣ እኔም ዋጥኩት። ወይ እኔ! ልናዘዝልሽ አይደል፣ ያወቅኩ ይመስለኛል። ለዚህ ነው "አትቀስቅሷት" ስል የከረምኩት።

ያን ጊዜ ገንዳው ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰውን ስከለክል ኖሬ ዓይኔን በዚያ እጄ አሸሁት። ስወጣ አለቃዬ ደንግጣ "ፊትሽን ነካሽ እንዴ?" አለችኝ። "ጨው ገባብኝ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ አርፈው ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። እኔ ዕረፍቴን እዚያው ጨለማ ውስጥ ጥዬው ወጣሁ።

በስልክ ያልጠየቅሁሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለምፈራ ነው። ደብቃችሁኝ ከሆነም ለእኔ አዝናችሁ መሆኑን አውቃለሁ፣ አልቀየምም። ግን ሰው ሁሉ አልቅሶላት፣ እኔ ልጇ አራት ወር ሙሉ ስበላና ስስቅ ከርሜ ከሆነ፣ ይህን በምን አንጀቴ እችለዋለሁ?

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን ይታከም። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ ያቺንም ለፍላፊዋን ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ስልክ ላይ ዝም ማለት የጀመረችው ምስጢር እንዳያመልጣት ብላችሁ አስጠንቅቃችኋት መሆኑ አሁን ገብቶኛል። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅሁም። ከሌለች ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ተኝታ ከሆነ ግን፣ በሞቴ እታለም፣ ዛሬ ቀስቅሻት።

ታናሽ እህትሽ
ከሥራ ቦታዬ፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል
ኅዳር ፲፩ ቀን