የአባባ ቅኔና የጎረቤት ፍላሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2003

አልከፍት አለኝ! «የአባባ ቅኔ» የሚለው ፎልደር ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅሎ ቁጭ ብሏል። ስነካው ዝም። ሌሎቹም እንደዚያው። ቫይረስ ነው። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ፤ ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለልጃቸው ሠርግ መዝሙር እንድገለብጥላቸው ፍላሽ ይዘው መጡ። መካነ ኢየሱስ ከተማን ሁሉ የዞረ ፍላሽ! እንዴት ሰው እመልሳለሁ ብዬ ሰካሁት። አጉል ይሉኝታ።

አባባ የቅኔ መምህር ናቸው። በየበዓሉ የሚቀኙትን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅኔ ደግሞ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ እሳቸውም በቃል አይዙትም። የስምንት ወሩ ቅኔ ያለው እዚህች ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ቀስቶቹን ሰረዝኩ፣ ተመልሰው መጡ። ወንድሜ በስልክ «ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ» አለኝ። ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። ተመስገን! ፎርማት ሁሉንም ጠራርጎ እንደሚያጠፋ የገባኝ በኋላ ነው።

ለአባባ መናገር ፈራሁ። እራቴንም አልበላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

እልልል! አብሮኝ የሚያስተምረው የኮምፒውተር መምህር አዳነ ከክፍል በኋላ ቤት መጣ። «አልጠፋም እኮ፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው» አለና የተደበቀውን ገለጠው። አንድም አልጎደለ! ከደብረ ታቦር ያመጣውን አንቲቫይረስም ጫነልኝ። ያልተመረመረ ፍላሽ እንዳልከፍት፣ ቅጂም ሌላ ቦታ እንዳስቀምጥ አስጠነቀቀኝ። ቅጂውን ሲዲ ላይ አድርጌ የበዓል ልብሴ ካለበት ሣጥን ቆለፍኩበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

እትዬ ጥሩወርቅ ያንኑ ፍላሽ ይዘው መጡ። ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ «መጀመሪያ ይመርመር» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ በሽተኛ አደረግሽን?»

አንቲቫይረሱ አሥራ አንድ ቫይረስ ሲቆጥር በዓይናቸው አዩ። «ውይ በሞትኩት! ይህን ሁሉ ይዤ ነው ሰው ቤት የምገባ?» ብለው ሣቁ። አጽድቼ ሰጠኋቸው። አልተቀየሙኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አባባ ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «እንግዲህ ጻፊ» አሉኝ። ከመጻፌ በፊት ሁሉንም ዘርዝሬ ተናዘዝኩ።

አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «እኔማ አውቄ ነበር። ያችን ኮምፒውተር እያየሽ ስትቆዝሚ፣ እራትሽን ስትተይ፣ ምን ጠፋብሽ ተብሎ ይጠየቃል? ቅኔው ቢጠፋ እግዜር ሌላ ይሰጣል። እኔ የፈራሁ ላንቺ ነው።»

አለቀስኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሣቅን። የዛሬውን ቅኔ ጻፍኩ፤ እሳቸውም በቃል ሊይዙት ሁለቴ አስነበቡኝ።