ጉንፋኔን ደብቄ ባሕር ገባሁ

ምጽዋ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ወንድሜ ሳሊህ፣

ካርዱ ላይ የምታየው ባሕር የግራ ጆሮዬን ታምቡር በጠሰው። እውነቱን ልንገርህና የበጠስሁት እኔው ነኝ።

ኢድሪስ የሚባል ጠላቂ የአየር ቦምቦላ በጀርባዬ እያሰረልኝ፣ «ጉንፋን ካለብህ ዛሬ ይቅርብህ፤ ጆሮህን ካመመህም በእጅህ አመልክተኝና እንውጣ» አለኝ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሳስነጥስ ከርሜ፣ «ዓባይን በዋና የተሻገረ ሰው ምን ይሆናል?» አልሁት። ዓባይን የተሻገርሁት በአውቶቡስ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። እኛ አገር ሞጣ ላይ ጉንፋን በፌጦ ይለቃል፤ እዚህ ከውሃው በታች ግን ጆሮን እንደ ወስፌ ይወጋል። አመመኝ፤ ላመለክት አፈርሁና ጭራሽ ወደ ታች ወረድሁ። ጆሮዬ ውስጥ አንዳች ነገር ጧ አለ፤ ባሕሩ ከነዓሣው ዞረብኝ። ኢድሪስ ክንዴን ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣኝ።

ሐኪሙ፣ «ይድናል፤ ሁለት ወር ውሃ እንዳይነካው» ብሎ በጥጥ ደፈነልኝ።

ትናንት የኢድሪስ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የባንክ ጸሐፊ ሊጠልቅ መጣ። «ጉንፋን የለብህም?» አልሁት። «ኧረ በፍጹም!» አለና አስነጠሰ። ቦምቦላውን ከጀርባው ፈታሁበት። ሲሰድበኝ፣ ጥጥ ያለበትን ግራ ጆሮዬን እያሳየሁት «በዚህኛው አይሰማኝም» ብዬ ቀኝ ጆሮዬን አዞርሁለት።

ካርዱ አለቀብኝ። እኅታችንን ዘይዳን ሰላም በልልኝ። ለእናታችን ግን ጉንፋን ብቻ ነው በልልኝ፤ ግማሹ እውነት ነው።

ወንድምህ ፋንታ